ለአለታ ወንዶ ጭቃ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሥራዬ እሸት ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አለታ ወንዶ ላይ አስፋልቱን ለቅቄ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ማጠቢያ ጣቢያ እገባለሁ። ያለችኝ የ2006 ሞዴል ቪትዝ ናት። ዝናብ ሲጥል ሆዷ መሬት ይነካል። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ሰው ገፍቶ ነው ያወጣኝ። ኢንተርኔት ላይ ‹ለበረዶ መንገድ ሆዱ ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መኪና› ሲሉ አነበብኩ፤ ጭቃም ያው ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስት ሐሳብ አለኝ። ቪትዟን ስፔሰር (ሞላው ላይ የሚገባ ማንሻ) አስገብቶ ከፍ ማድረግ፣ ሸጦ አሮጌ ራቭፎር መግዛት፣ ወይም ጨምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ መግዛት። ጎማ ሻጩ ደግሞ የበረዶ ምልክት ያለው ጎማ ለጭቃ አሪፍ ነው ብሎኛል። ቤተሰቤም፣ ሁለት ልጆች ጭምር፣ በዚሁ መኪና ነው የሚንቀሳቀሰው። የቱ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ስፔሰሩን ይተዉት። የበረዶ ጎማውንም ይተዉት። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት። «ስንት ሴንቲ ሜትር ይበቃል?» የሚለው የችግርዎን ግማሽ ብቻ ነው የሚይዘው።

«ከድጡ ወደ ማጡ» እንላለን። ብዙ ሰው ሁለቱን ቃላት አንድ ያደርጋቸዋል። ለሹፌር ግን ለየቅል ናቸው። ድጥ ላዩ ብቻ የረጠበ፣ ሥሩ ግን ጠንካራ የሆነ መሬት ነው። ያንሸራትታል እንጂ አይውጥም። ማጥ ደግሞ ጎማውን የሚውጥ ነው። ድጥ ላይ መኪና የሚቆመው ጎማው መሬቱን መያዝ ሲያቅተው ነው። እዚያ መኪናዎ 14 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል 25 ለውጥ የለውም። ማጥ ላይ ወይም የጭነት መኪና በቆፈረው ቦይ ውስጥ ግን የሚቆመው ሆዱ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ሆዱ ሲቀመጥ ክብደቱ ከጎማው ላይ ይነሳል። ጎማው በአየር ላይ እንዳለ ያህል ይሽከረከራል። የመኪና ከፍታ መድኃኒት የሚሆነው ለዚህ ለሁለተኛው ብቻ ነው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ጎማ ነው።

የእርስዎ መንገድ ሁለቱም አሉበት። ከሐዋሳ ሲወጡ አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ዝናብ ቶሎ ይጠጣል። ይርጋለምን አልፈው ወደ አለታ ወንዶ ሲጠጉ ቀዩ አፈር ይመጣል። ቀይ አፈር ሸክላነት አለው። ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሲደርቅ ደግሞ ጎማ የቆፈረውን ቅርጽ እንደያዘ ይጠነክራል። ከዚያ አልፎ ወደ ሀገረ ሰላም ለሚወጣ ሰው ነገሩ ይብሳል። ከፍታው ከ2,700 ሜትር ያልፋል፤ ጭጋጉና ካፊያው ስለማይለቅ መንገዱ ቶሎ አይደርቅም።

አሁን ስለዚያ 20 ሴንቲ ሜትር። በረዶ አገር ያለ ሰው ይህን ቁጥር ሲጠራ የሚያወራው መንገድ ላይ ስለተኛ፣ አዲስ ስለወረደ በረዶ ነው። በረዶው ከመኪናው ሆድ በላይ ሲሆን መኪናው እየገፋው ይሄዳል። በረዶው ከሥር እየተጠቀጠቀ ይመጣና በመጨረሻ መኪናውን ያነሳዋል። ጎማው ክብደት ያጣል፤ ጉዞው ያበቃል። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ጭቃ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ አዲስ በረዶ ሆድ ሲነካ ይጨፈለቃል እንጂ ብረት አይሰብርም። የእኛ መንገድ መሀል ላይ ያለው ጉብታ ግን ድንጋይ ይዟል። የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበትን ቋት፣ እኛ ኮፓ የምንለውን፣ አንዴ ካገኘው ይሰነጥቀዋል። ዘይቱ ይፈሳል፤ ሹፌሩ ሳያይ ትንሽ ከነዳ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። ስለዚህ የበረዶ ሰዎችን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱ። በረዶ ላይ ትንሽ ቢያንስ ያስቆማል። እኛ ጋ ሞተር ያስወጣል።

ታዲያ ቁጥሩን ከየት እናምጣው? ከመንገዱ። ከመኪናው በፊት መንገዱን ይለኩ። ይህን የምለው አብዛኛው ሰው መኪና ከገዛ በኋላ ስለሚያስበው ነው። ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላና ሜትር ይዘው ይሂዱ። ደረቅ ቀን ይምረጡ። ሆድዎ የሚነካባቸውን አምስት ስድስት ቦታዎች ያውቋቸዋል። ጣውላውን በመሀሉ ጉብታ ላይ አግድም ያስቀምጡ። ከጣውላው እስከ ቦዩ ሥር ያለውን ይለኩ። ከሁሉም የሚበልጠውን ይያዙ። በዚያ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ መኪና ሲዘል ወደ ታች ይወርዳልና። የሚያስፈልግዎ ቁጥር ያ ነው። 13 ካገኙ 18 ይበቃዎታል። 20 ካገኙ ግን 25 የሚሆን የቤት መኪና ስለማያገኙ በመኪና ግዢ የሚፈታ ችግር አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መኪናውንም ሲለኩ ሰው እንደጫነ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የባዶ መኪና፣ ያውም የአዲስ መኪና ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ቪትዝ ይዞ መጣ። ባዶዋን ሆና ከማርሚታው ቱቦ ሥር ለካሁ፤ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ከዚያ አራቱን የጋራዥ ልጆች አስገባኋቸው። ኋላ ላይ አንድ ጆንያ ቡና ጫንኩ። ተንበርክኬ እንደገና ለካሁ፤ 10 ሴንቲ ሜትር። አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ጠፋ። ሰውየው ሜትሩን ተቀብሎኝ እሱም ለካ፤ አላመነም ነበር። የኋላው ሞላ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነው፤ ዕድሜውን ጨርሷል። ሁለቱን የኋላ ሞላና አሞርዛተሮቹን በትክክለኛ መጠናቸው ስንቀይር ተጭና ከ12 በላይ ቆመች። ያለ ምንም ስፔሰር ማለት ነው።

ይህ ወደ ስፔሰሩ ያመጣኛል። በሞላው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ሲያስገቡ መኪናዋ በእርግጥ ከፍ ትላለች። ግን የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ከተሠራለት በላይ ይታጠፋል። ሲቪ ጆይንቱ፣ ዘንጉ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ፣ ጥግ ላይ እየሠራ ይበላል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደድና ጭቃ ይገባበታል። የመሪና የጎማ መገጣጠሚያዎቹ፣ ቴስቲናና ቦልጆይንት፣ ያለ ቦታቸው ይሳባሉ። የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። የፊት መብራቱ ወደ ላይ ያያል፤ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል። የጎማዎቹ አቀማመጥ (አላይመንቱ) ካልተስተካከለ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት በአንድ ጎኑ ያልቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መኪናዋ ትዘላለች። አስፋልት ላይ በ80 እየሄዱ አንድ ልጅ ወይም አህያ ቢገባብዎና መሪውን በድንገት ቢያዞሩ እንደ በፊቱ አትታዘዝም። ልጆችዎን በዚያች መኪና ከይርጋለም ሐዋሳ እንዲያመላልሱ አልመክርም። የቆዩ ሞላዎችን በአዲስ መተካት ጥገና ነው። ስፔሰር ግን ሌላ መኪና መሥራት ነው፤ መሐንዲሱ ያላሰበውን።

ትልቅ ጎማ ማድረግስ? ይህን ደግሞ በሒሳብ እንየው። ቪትዟ የምትመጣው በ165/70 ባለ 14 ጎማ ነው (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች)። ቁመቱ 58.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ 175/70 ቢቀይሩ 60.1 ይሆናል። ግን መኪናዋ የምትነሳው በልዩነቱ ግማሽ ነው፤ ግማሹ ጎማ ከመሐሉ በላይ ነዋ። ስለዚህ ያገኙት 7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጎማ መሪ ሲዞር ይፈጋል። በ7 ሚሊ ሜትር ቦይ አይታለፍም።

ከፍታ ብቻውን ያልሆነበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የመኪናው ርዝመት። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም ሆዱ ጉብታ ላይ ለመቀመጥ ይቀለዋል። ቪትዝ በሁለቱ ጎማዎች መካከል 2.46 ሜትር አላት። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለች ቪትዝና 3 ሜትር የሆነች፣ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለች መኪና አንድ ዓይነት ጉብታ ላይ ነው የሚንጠለጠሉት። ሦስት ሴንቲ ሜትር ብልጫዋን ርዝመቷ ይበላዋል። የኮብልስቶን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ባለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ረጃጅሞቹ አዳዲስ መኪኖች «ጭርር» ሲሉ የሚሰሙት በዚህ ነው። ድሮ ላዳ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመሬት ትርቅ ነበር። አጭርም ነበረች። አባቶቻችን በላዳ የገቡበትን ገጠር ዛሬ ኤስዩቪ ተብሎ የሚሸጥ መኪና ሲፈራው አይቻለሁ። ውጫዊ ቁመናው ከፍ ያለ መስሎ መታየቱ ከሥር ያለውን አይነግርዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሥር ያለው አሠራር። ሃይሉክስ ኋላው፣ ላንድክሩዘር 70 እና ጂምኒ ደግሞ ፊትም ኋላም ድፍን አክስል፣ የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኝ አንድ ወጥ አካል፣ አላቸው። ዝቅ ብሎ የሚታየው ክብ ነገር ዲፈረንሻሉ ነው። እሱ ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰውም ቢጭኑ ኩንታልም ቢጭኑ ከመሬት ያለው ርቀት አይቀንስም። የሚወርደው በላዩ ያለው ቦዲ ነው። እንደ ቪትዝ፣ እንደ ራቭፎር ያሉት ግን ሲጫኑ ሆዳቸው አብሮ ይወርዳል። የሥራ ሰዎች ለጭነት መንገድ ድፍን አክስል የሚመርጡት ለጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ባዶ ሲገቡ የለኩት ከፍታ ማታ ተጭነው ሲወጡም አክስሉ ሥር ስለሚጠብቃቸው ነው። በተቃራኒው፣ እነዚህን መኪኖች ሞላ ወይም ባሌስትራ ጨምሮ ከፍ ማድረግ ዲፈረንሻሉን አንድ ሚሊ ሜትር አያነሳውም። ገንዘባቸውን ከፍለው መኪናቸው እዚያው ድንጋይ ላይ የሚመታባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጎማ ላይ እንምጣ፤ ለእርስዎ መንገድ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ሻጩ ያሳየዎት ምልክት ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጭቃና በረዶ ማለት ነው። የጥርሱ አቀራረጽ ሰፋ ያለ መሆኑን ይገልጻል እንጂ ብዙም ቃል አይገባም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በመሐሉ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን የበረዶ ጎማ ነው። የዚህ ጎማ ላስቲክ በብርድ እንዳይደርቅ ለስለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥቅሙ ከ7 ዲግሪ በታች ነው። ሐዋሳ አስፋልት ላይ በቀትር ሙቀት ከነዱት እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል። ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲይዙም ይንሸራተታል። አንዳንዱ የሁሉም መሬት ጎማ ይህ ምልክት ይኖረዋል፤ እሱ ሌላ ነው። ሙሉ የክረምት ጎማ ከሆነ ግን በነጻም ቢሰጡዎት አይውሰዱ።

የሚፈልጉት «ኦል ቴሬን» የሚባለውን ነው። ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ በጥርሶቹ መሀል ክፍተት አለ። ጎማው ሲዞር ጭቃውን ከክፍተቱ ወደ ውጭ ይተፋዋል። የአስፋልት ጎማ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ በመጀመሪያው ዙር ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሽከረከረው በጭቃ የተለበጠ ኳስ ነው። ሲገዙ የጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያንብቡ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስድስት ሰባት ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ላስቲክ ደርቋል። ለጭቃ ሥራ ደግሞ ጥርሱ 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀይሩ። ለከተማ ሊያገለግል ይችላል፤ ለቀይ አፈር አልቋል።

አየሩንም ይቀንሱ። አስፋልት ላይ 32 ፒ.ኤስ.አይ. የሚነፉትን ጎማ ከአለታ ወንዶ ወጥተው ጥርጊያው ላይ ሲደርሱ ወደ 22 ያውርዱት። ጎማው ይተኛል፤ መሬት የሚነካው ቦታ ይሰፋል። ይህን ያስተማርኳቸው ሰዎች ቢያንስ ግማሹን መገፋት ቀንሰውልኛል። ሲመለሱ ግን አስፋልት ከመያዝዎ በፊት መልሰው ይንፉት። እንደተኛ በፍጥነት የተነዳ ጎማ ይግልና ይፈነዳል። ጎሚስታ ፍለጋ እንዳይዞሩ በመኪና ባትሪ የሚሠራ መንፊያ ይያዙ።

አሁን ሦስተኛውን አማራጭዎን ልመልስ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰው በሩ የኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ለሐዋሳ ከተማ በጣም ጥሩ ነገር ናቸው። ነዳጅ ሰልፍ የለም፤ ጥገናቸው ትንሽ ነው። ለእርስዎ 14 ኪሎ ሜትር ግን አልመክርም። ባትሪው ያለው ሆዱ ሥር ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ተነጥፏል። በመኪናው ውስጥ በዋጋ የሚተካከለው ዕቃ የለም። ቪትዝ ኮፓዋን ብትሰብር በማግሥቱ ተጠግና ትወጣለች። የባትሪ ሳጥን ድንጋይ ላይ ቢመታ ግን ጉዳቱ በዓይን ላይታይ ይችላል። የተመታ ባትሪ ቆይቶ እሳት ሊያነሳም ይችላል፤ ሳይመረመር ቻርጅ አይደረግም። ክብደታቸውም ብዙዎቹ 2 ቶን ገደማ ነው፤ የቪትዝ እጥፍ ማለት ነው። ማጥ ውስጥ ከገቡ አራት ጎረምሳ አያወጣቸውም። አብዛኞቹም ኤስዩቪ ይባሉ እንጂ የሚጎትቱት በሁለት ጎማ ብቻ ነው።

ፎርዊልን በተመለከተም አንድ የተሳሳተ ነገር ላቅና። ፎርዊል ለመውጣት ይረዳል፤ ለማቆም አይረዳም። ቁልቁለት ድጥ ላይ ሁሉም መኪና ያው አራት ጎማ ነው ያለው። በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይረግጡ፣ በሞተሩ ጉልበት መውረድ ነው ያለው። ፎርዊል ያለው ሰው ፈጥኖ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ ከሌላው ይልቅ ራቅ ብሎ፣ ጠለቅ ብሎ ነው የሚቀበረው። በእጅ የሚገባ ፎርዊል ያላቸውን ፒክአፖች ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተው አይንዱ። ጥምዝ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ስለማይዞሩ ማርሹ ይታነቃል።

ምክሬ ይሄ ነው። ራቭፎሯን ይግዙ። በፈረንጆች ከ2000 እስከ 2005 ከተሠሩት፣ ባለ አምስት በሯን። በጎማዎቿ መካከል 2.49 ሜትር ናት፤ ከቪትዝ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ትረዝማለች፤ ከፍታዋ ግን በግልጽ ይበልጣል። መለዋወጫዋ ሐዋሳ ውስጥ አለ፤ የማያውቃት መካኒክም የለም። ከዋጋው ላይ የሞላ፣ የአሞርዛተርና የአራት ጎማ ገንዘብ ነጥለው ያስቀምጡ። ይህ ገንዘብ ከሌለዎት መኪናዋን ገና መግዛት አልቻሉም ማለት ነው። ብዙዎቹ 235/60 ባለ 16 ጎማ አድርገዋል። ፋብሪካው በ215/70 ባለ 16ም አውጥቷታል። ወደዚያ ይቀይሯት። ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ትነሳለች፤ ጎማው ጠበብ ስለሚል ጭቃውን ሰንጥቆ ሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል። ከሞተሩ ሥር ወፍራም መከላከያ ላሜራ ያሠሩ። ዘይት መቀየሪያው ጋ ቀዳዳ ይተውለት።

በዋጋው አካባቢ ግራንድ ቪታራ ካገኙም አልቃወምም። ከፍታዋ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አብዛኞቹ ባለ ፎርዊሎች ራቭፎር የሌላት ዝቅተኛ የፎርዊል ማርሽ አላቸው። መለዋወጫ ግን እንደ ቶዮታ ከየሱቁ አይገኝም። ጂምኒ በአቅሟ ከሁሉም ትበልጣለች፤ 21 ሴንቲ ሜትር፣ አጭር፣ ቀላል። ለሁለት ልጆችና ለዕቃ ግን ትጠባለች። ሃይሉክስ ጆንያ የሚጭኑ ከሆነ እንጂ ለቤተሰብ አያስፈልግም፤ ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ስለሆነ ድጥ ላይ ይዞራል።

የማይቻልበትን ቀንም ልንገርዎ። ቦዩን የሚቆፍሩት ቡና የሚያመላልሱት አይሱዙዎች ናቸው። የእነሱ ጎማ ከእርስዎ በጣም ይበልጣል። ለቀማው ሲጋጋል መሀል ላይ የሚቀረው ጉብታ የትኛውም የቤት መኪና የማያልፈው ይሆናል። ያኔ ቦዩ ውስጥ አይግቡ። አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን ዳር ላይ አድርገው ይሂዱ። ዳሩ ገደል ወይም ቦይ ከሆነ ይመለሱ። 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር የጨመሩበት የጣውላ ልኬትዎ ተጭና ከለኩት የመኪናዋ ከፍታ ከሚበልጥበት ቦታ በፊት መኪናዋን አቁመው በሞተር ሳይክል ይቀጥሉ። ሌሊት ዶፍ ከጣለ ጠዋት አይቸኩሉ፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ቀዩን አፈር ብዙ ይለውጠዋል። የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚያስሩት ሰንሰለት ለትንንሽ መኪናም አለ፤ በረዶ አገርም የሚያስሩት እሱን ነው። በሚጎትተው ጎማ ላይ ይታሰራል፤ ከ30 በላይ አይነዳም፤ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ይፈታል። ሲገዙ ግን ከአሞርዛተሩ ጋር የማይነካካ መሆኑን ጎማው ላይ አስረው አዙረው ይዩ። የፍሬን ቱቦ ከቆረጠ የሚያቆምዎ ነገር የለም።

ራቭፎሯን ለማየት ሲሄዱ ሜትርና ሦስት ሰው ይዘው ይሂዱ። ሁሉም ገብተው ከሥር ዝቅ ያለውን ቦታ ይለኩ። ተጭና ከ16 በታች ከሆነች ሞላው አልቋል፤ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። ኋላዋን ጎንበስ ብለው ይዩ። በሁለቱ ጎማ መካከል ዲፈረንሻል ከሌለ ፎርዊል አይደለችም፤ ሻጩ ምንም ቢል። ኮፓውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ የተበየደ ወይም የተጎረበጠ ከሆነ በፊት የነበራት መንገድ ምን እንደሚመስል ይነግርዎታል። ከዚያ መሪውን እስከ ጥግ አዙረው ቀስ ብለው እየነዱ ሲቪ ጆይንቶቹን ያዳምጡ። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ያስቀይርልዎ። ሻጩ ጋራዥ አላስገባም፣ ሰው አላስጭንም ካለ ቀብድ አይክፈሉ፤ ሌላ ይፈልጉ።